ከሸራው ስር

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ይንቋቋል? ምድጃው የላጠው እጅሽ ዳነ ወይ? ቅባቱን ሳትረሺ ተቀቢ፤ አንቺ እንደሆንሽ ለሰው ሐኪም ነሽ፣ ለራስሽ ግን አትሆኚም። የካምፑን ሠራተኛ በሙሉ አብልተሽ ለራስሽ የድስት ጥራጊ ቀምሰሽ እንዳትተኚ አደራ። አብራሽ የምታድረው ልብስ አጣቢዋስ ማንኮራፋቷን ተወች? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከናፍቆትሽ በቀር ቆመን እንሄዳለን። እናታችን ዓይኗ ደከም ብሏል እንጂ ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው፤ ጎረቤት የተንሾካሾከው ሳይቀር አያመልጣትም። ባለቤቴ ያው መኪናውን ይነዳል፣ እኔም ያው የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ።

ቀጥሎ ያለውን ከማንበብሽ በፊት ግን ይህን ያዢልኝ፤ ልጅሽ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትማራለች፣ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ በሩ ላይ ተቀምጣ የአያቷን ጥፍር እየቆረጠች ነው።

ባለፈው ስትደውዪ «ጀልባዋ ተገልብጣ ልጅሽ ትንሽ ውሃ ጠጥታ ነበር፣ አሁን አልፏል» ብዬሽ አለፍኩ። አንቺም «ድምፅሽ ሌላ ነው፣ የደበቅሽኝ ነገር አለ» አልሽኝ። አልተሳሳትሽም። ልጅሽ ፊት ለፊቴ ቆማ «እንዳትነግሪያት» እያለች ራሷን ትነቀንቅብኝ ነበር። አንቺም ከኋላሽ ለስልኩ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበረሽ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በጥድፊያ አይወራም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ጀልባውን እንዴት እንደጀመረች አንቺም ታውቂዋለሽ። የጀልባ ክለቡን የተቀደደ ሸራ የምጠግነው እኔ ነኝ፤ የተሰፋውን ስመልስ ተሸክማ ትከተለኝና ከሐይቁ ዳር ቆማ ትቀራለች። ልጆቹ አንድ አንድ ሆነው የሚሳፈሩባቸው ትናንሾቹ ጀልባዎች ባለቤቴን ያስቁታል፤ «የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ላይ አንሶላ ሰቅለው መርከብ ነው ይሉናል» ይላል። እሷ ግን አንዴ ገንዳው ውስጥ ከገባች በኋላ ማን ያውጣት! ዘንድሮ አድጋለች ተብሎ ሁለት ልጅ ወደምትይዘው ጀልባ ተዛወረች። ጓደኛዋ የፋርማሲስቷ ልጅ ናት። ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ቄጠማ ነው የሚሏት። የአንቺዋ ደግሞ ቅልጥፍናዋን አይተው ድንቢጥ ብለዋታል። ድንቢጥ ከኋላ መሪውን ትይዛለች፣ ቄጠማ ከፊት ገመዱን እየሳበች ጀልባዋ እንዳታዘነብል ወደ ውጭ ትንጠለጠላለች። ሲሄዱ ብታዪ አንድ ሰው ነው የሚመስሉት።

አሰልጣኛቸውን ሁሉም ካፒቴን ይሉታል። ፀሐይ ያጠቆረው፣ ፍንጭት፣ ድምፁ ከፍ ሲል ያልሰማሁት ሰው ነው። ልጅ ሲያጠፋ ልጁን አይቆጣም፤ ጀልባዋን ነው የሚቆጣት። «አንቺ ጀልባ፣ ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው?» ሲል አጥፊው ልጅ በሳቅና በእፍረት ይቀላል። ጥልቅ ወዳልሆነው ቦታ እየወሰደ ሆን ብለው እንዲገለበጡ ያደርጋቸዋል፤ ውሃ ውስጥ መውደቅን እንዲለምዱት። ልጅሽ አባት ቤት ውስጥ አላየችም፤ እህቴ፣ ይህን ለማስከፋት አይደለም የምጽፍልሽ። ይህን ሰው ግን የምታይበትን ዓይን እንድታውቂልኝ ነው፤ የሆነው ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ያን ቅዳሜ ሐይቁ ጠዋት ላይ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ካፒቴን ልጆቹን ሰብስቦ አባቱ ኦፕሬሽን ክፍል እንደገቡ፣ ስልክ ሲያነሳ ቢያዩት እንዳይገርማቸው ነገራቸው። ልጆች ውሃ ላይ ሲሆኑ እሱ በሞተር ጀልባ አብሯቸው መሆን አለበት። መጀመሪያ አብሯቸው ወጥቶ ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠራ፣ መሀል ሐይቅ ላይ ደግሞ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ሞተር ጀልባውን መልሶ ከመሳፈሪያው ጋር አሰረና ዳር ላይ ቆሞ ማውራት ጀመረ።

እኔ ስፌት ቤቴ ነበርኩ። የመስኮቱ መዝጊያ በድንገት ተወርውሮ ግድግዳውን ሲመታ መርፌው ጣቴ ላይ ተሰበረ። እንደዚያ ያለ ነፋስ ምልክት እንኳ ሳይሰጥ ነው የመጣው። ነጠላ ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ትናንሾቹ ልጆች ዳር ላይ ተኮልኩለው ያለቅሳሉ፣ ሞተር ጀልባው ከመሀል ተመልሶ መሳፈሪያው ጋ ቆሟል። ቄጠማ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተጋድማለች፣ ካፒቴን ተንበርክኮ ደረቷን ይጫናል። ልጅሽ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የመንሳፈፊያ ሰደሪያዋ የለም። በሁለት እጇ የቄጠማን አንድ ጫማ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። «ስጪኝ» ብላት አልሰጥ አለችኝ። ቄጠማ ውሃውን አስመልሳ ስትጮህ፣ እውነት እልሻለሁ፣ ከዚያ ጩኸት የሚጥም ዘፈን ሰምቼ አላውቅም።

የሆነውን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ የሰበሰብኩት በኋላ ነው። ነፋሱ ጀልባዋን ሲገለብጣት ድንቢጥን ወዲያ ወረወራት። ቄጠማ ግን እግሯ ገመድ ውስጥ ገብቶ ከሸራው ስር ቀረች። ሰደሪያው ወደ ላይ ይገፋታል፣ ሸራው ደግሞ ከላይ ተነጥፎ አላሳልፍ ይላታል። ልጅሽ ሰደሪያ ለብሳ መጥለቅ እንደማትችል ስታውቅ የራሷን ፈትታ ጣለችና ገባች። እግሯን ከጫማው አውጥታ፣ ጎትታ አወጣቻት። ከዚያ ሞተር ጀልባው እስኪደርስ ሁለቱም የጀልባዋ ሆድ ላይ ተጣብቀው ቆዩ።

ቄጠማ ሳንባዋ ውሃ ስለገባበት ሆስፒታል አስተኟት። ልጠይቃት ስሄድ ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ቆማ «ተኝታለች» አለችኝ፤ ዓይኔን እንኳ አላየችም። ምክንያቱ የገባኝ የክለቡ ኮሚቴ ሲጠራን ነው። ዋንጫ ከተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ ወላጆች ሁሉ ተቀምጠዋል። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ተነስቶ፣ ነፋሱ ሲመጣ ልጆቹ እንዲወጡ ተጠርተው እንደነበር፣ ሌሎቹ ሲታዘዙ ይህቺ ጀልባ ግን አልፋ እንደሄደች አስረዳ። ካፒቴን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጠርተሃቸዋል ወይ ሲባል ቀና ሳይል «ጠርቻለሁ» አለ። ከዚያ ሌሎቹን ልጆች ሳይጠይቁ ወደ ልጅሽ ዞሩ። «ሲጠራችሁ ሰምተሽ ነበር?» አሏት። ድንቢጥ ካፒቴን ቀና ብሎ ዓይኗን እስኪያይ አየችውና «ልብ አላልኩም» አለች።

እስከ ሥልጠናው ወቅት መጨረሻ ታገደች። ፋርማሲስቷ በሰው ፊት «ልጄን ልትገድልብኝ ነበር» አለቻት። እኔ እሳት ጎርሼ ልነሳ ስል ልጅሽ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ቤት ስንገባ እራቷን በላች፣ ሳህኑን አጠበች፣ የነገ ዩኒፎርሟን ተኮሰች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከሆስፒታል እንደወጣች ቄጠማ ከእናቷ ተደብቃ ስፌት ቤት መጣች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ እየሳለች «እትዬ፣ ማንም አልጠራንም» አለችኝ። ካፒቴን ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ያወራ እንደነበር፣ ሌሎቹ ልጆች ዳሩ ቅርብ ስለነበር በራሳቸው እንደወጡ፣ እነሱን ግን ነፋሱ ወስዶ እንደጣላቸው ነገረችኝ። ለምን ለእናትሽ አልተናገርሽም ብላት «ድንቢጥ ሆስፒታል ተደብቃ መጥታ አስምላኝ ነው» አለች።

ልጅሽ ድንች እየላጠች አገኘኋት። የሰማሁትን ስነግራት ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። «አባቱ እኮ ኦፕሬሽን ላይ ነበሩ፣ አክስቴ» አለችኝ። «እና አንቺ ጥፋተኛ ትሁኚ?» አልኳት። «እኔ ልጅ ነኝ። ልጅ ይቀጣና ያልቃል። እሱ ግን ይባረራል» አለች። እንዲያው የምትናገረው ነገር የአሮጊት ነው፣ አፍንጫዋ ላይ ያለው ብጉር የልጅ። እንዳልናገር እንድምልላት ለመነችኝ። «እሱን አልምልልሽም። ግን ከጀርባው አልሄድም፤ መጀመሪያ ለራሱ ነው የምነግረው» አልኳት። ባለቤቴ በበኩሉ «ተዪው፣ የተረሳ ነገር አትቆስቁሺ» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ክለቡ ደንበኛዬ ስለሆነና ጠብ ስለማይወድ ነው። የተረሳው ግን ለእሱ ነበር። ልጅቷማ ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየተነሳች መስኮት ትዘጋ ነበር።

ካፒቴን ጀልባ ማስቀመጫው ውስጥ ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ሲያየኝ ቀድሞ «ሰው እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር» አለኝ። አባቱ ድነው በእግራቸው ከሆስፒታል ወጥተዋል። «እሳቸውን ባየሁ ቁጥር ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴን አዞራለሁ» አለ። ሥራ አስኪያጁ «ጠርቻለሁ በል፣ ካልሆነ ክለቡ ይዘጋል፣ ያ ሁሉ ልጅ ሜዳ ላይ ይቀራል» ብሎት ነው እንደዚያ ያለው። «እሷ አልጠራንም ትላለች፣ ነገሩ ያኔውኑ ይወጣል ብዬ ነበር እኮ። ዓይኔን እያየች ዋሸችልኝ» ብሎ ገመዱን መሬት ጣለው። ልሳደብ የሄድኩት ሴትዮ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግን አልማርኩትም። «ይህን የሚያህል ሸክም በልጅ ትከሻ ላይ አስቀምጠህ ልጆቹን ትከሻችሁን ቀና አድርጉ ትላቸዋለህ?» አልኩት።

በሳምንቱ ቅዳሜ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊያደርሱ ሲመጡ መሳፈሪያው ላይ ወጥቶ፣ በዚያ ጮሆ በማያውቅ ድምፁ፣ ሁሉንም ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ «ተው እንጂ፣ ተው» እያለ ክንዱን ይጎትተው ነበር። እሱ ግን እስኪጨርስ አልወረደም።

ይኸው እንግዲህ፣ ተባረረ። የልጆቹ ሥልጠና ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። ልጅሽ የፈራችው አንድ በአንድ ሆነ። ልጆቹ እሱን የነጠቀቻቸው እሷ እንደሆነች አድርገው ቆጠሯት፤ አንዷ በአጠገቧ ስታልፍ «አሳባቂ» አለቻት፤ አፏን ይዛ ይህን ሁሉ የቆየችውን ልጅ! ልጅሽ ደግሞ እኔን «ነግሬሽ ነበር» ካለችኝ በኋላ ስንት ቀን ከ«እሺ» በቀር ቃል አልሰጠችኝም። ፋርማሲስቷ እያለቀሰች መጥታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ደረሰች፤ «ጀግናዬ፣ ልጄን ያተረፍሽልኝ» እያለች። ሰፈሩም ተከትሎ ጀግና፣ ጀግና አላት። ልጅቷ ግን ያን ቃል በሰማች ቁጥር የተመታች ያህል ትሸማቀቃለች። ሲቀጧት ዝም ያለች ልጅ ሲያመሰግኗት ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ግራ ገባኝ።

ያቺን ነገር የነገረችኝ ሸራ ስናጣጥፍ ነው። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን። ፊቷ በሸራው ተሸፍኖብኝ ነበር፤ ለዚያ ይሆናል የደፈረችው። «አክስቴ፣ ትቻት ወጥቻለሁ እኮ» አለችኝ። መጀመሪያ ስትጠልቅ ቄጠማ እጅጌዋን ጨምድዳ ያዘቻት። እግሯን ልታላቅቅ ብትታገል አልሆነም፣ ትንፋሿ አለቀ። «ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ተውኳት። አየር ልወስድ ወጣሁ። ላይ ሆኜ አንዴ ብቻ መተንፈስ ሲገባኝ ደግሜ ተነፈስኩ» አለች። ሁለተኛ ጠልቃ ነው ያወጣቻት። እህቴ፣ ያኔ ገባኝ። ያን ቅጣት ለካፒቴን ብላ ብቻ አልተሸከመችውም። ይገባኛል ብላ ነው።

«ሳትተነፍሺ ምን ልታደርጊላት ነበር?» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች፣ ጨርሶ እንደማያውቅ ሰው። ለካፒቴን ነግሬው ስለነበር ሊሰናበተን የመጣ ዕለት «አየር ባትወስጂ ኖሮ የማወጣው ሁለት ሬሳ ነበር» ብሏታል። ለእሱም «አውቃለሁ» ነው ያለችው። ከዚያ ሳታማክረኝ ሄዳ ለቄጠማ ነገረቻት። ቄጠማ ከውሃው ስር የሆነውን ምንም አላስታውስም ስትል ነበር የቆየችው። ስትሰማ ጣቶቿን አየች አሉ፣ ከዚያ ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱም አልመጣች፣ በሳልስቱም አልመጣች። ድንቢጥ ስፌት ቤቱ በር ላይ ትቀመጣለች፣ ቁልፍ ለቅመሽ ስጪኝ ስላት የሸሚዙንም የኮቱንም አንድ ላይ ትደባልቅልኛለች። እኔም የተሰፋውን መልሼ እፈታለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቄጠማ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «ፊቴን እንኳ መታጠብ ፈርቻለሁ፤ ዓይኔ ውስጥ ውሃ ሲገባ ያለሁበት ይጠፋኛል። አብረሽኝ ግቢ» አለቻት። ልጅሽ ወደ እኔ ዞረች። ዋና አላውቅም፤ ግን መቀሱን አስቀምጬ ተከተልኳቸው። እስከ ጉልበታቸው የሚደርሰው ቦታ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ፣ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ከኋላቸው። ቄጠማ «ስፈራ እጅሽን እጨምቃለሁ፣ ያኔ እንወጣለን» አለቻት። ፊታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። ወዲያው ወጡ፣ ቄጠማ ተንቀጠቀጠች፣ ልጅሽም ተንቀጠቀጠች። ደግመው ነከሩ። ሦስተኛው ላይ ቆዩ፤ እኔ ከኋላቸው ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ልሞት ነበር። ሲወጡ ድንቢጥ እያለቀሰች ነው። ነፋሱ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። ቄጠማ እጇን አልለቀቀችም፣ «በቃ ደግሞ ነገ» አለቻት፣ እኔም ፎጣ ይዤ አለመምጣቴን ረግሜ በሻሼ አደረቅኳቸው።

ይኸው ነው። ተመልሳ ጀልባ ላይ ትወጣ ወይስ አትውጣ፣ እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አንቺን ሳልሰማ መልስ የለኝም። ሥልጠናው መቼ እንደሚጀመር፣ ማን እንደሚያስተምራቸውም አይታወቅም። አንቺ እናቷ ነሽ፣ ሆድሽ የሚልሽን ጻፊልኝ። ካፒቴንን ስለመቀየም ደግሞ ልነግርሽ አልችልም፤ እኔ ራሴ አንድ ቀን እረግመዋለሁ፣ አንድ ቀን ለአባቱ ጤና ስጥለት እላለሁ። ስትደውዪላት ግን አንድ ነገር ለምኜሻለሁ፤ ጀግና አትበያት። አይዞሽም አትበያት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂያትና ስልኩ የፈለገውን ያህል ዝም ይበል፤ ከኋላሽ ተራ የሚጠብቀውም ይጠብቅ።

እናታችን በሁለቱም ጉንጭሽ ስማሻለች፤ ይህን ደብዳቤ አንብቢልኝ ስትል የጤና ሰላምታውን ብቻ ነው ያነበብኩላት፣ «የቀረውን ሰምቻለሁ» አለችኝ። ባለቤቴ ሰላም ይልሻል፤ ዋና መማር አለብን እያለ ነው፣ በዚያ ሆዱ አይሰምጥም። ቄጠማ፣ አይታሽ ባታውቅም፣ «የድንቢጥን እናት ሰላም በይልኝ» ብላለች። አብራሽ ለምታድረው ልብስ አጣቢ፣ ለወጥ ቤቱ ሰዎችና ዳቦ ለምትጋግረው ሴትዮ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ልጅሽ ጥፍሩን ጨርሳ አሁን ተነስታለች። ፎጣ ይዛ በር ላይ ቆማ «አክስቴ፣ አትመጪም እንዴ?» ትለኛለች።

እህትሽ

ከሐይቁ ዳር፣ ከስፌት ቤቴ
ሰኔ ፱ ቀን